«ብዙ ስለወለድሽ ነው» የተባለው የእናትሽ ጉልበት

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ሰባት ልጅ ወልዳለች፣ ሁላችንንም ጡት አጥብታ ነው ያሳደገችን። ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል፣ የቀኙ ይብሳል። ደረጃ መውረድ ከብዷታል፣ ሰላት ላይ ሱጁድ ወርዳ መነሳት አቅቷታል። ጠዋት ስትነሳ ለአስር ደቂቃ ያህል ትደርቅና ከዚያ ትፍታታለች። ክብደቷ 86 ኪሎ ነው፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ራጅ ተነስታ ‹ክፍተቱ ጠቧል› ተባለች። ያያት ሐኪም ‹ብዙ ስለወለድሽ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም አይደረግም› ብሎ ጉልበቷ ላይ መርፌ ወጋት። ሁለት ወር ተሻላትና ተመለሰ። አሁን በየሦስት ወሩ ትወጋ ተብሏል። ጎረቤት ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን አስለምዳታለች፣ ስትውጠው ህመሙ ድራሹ ይጠፋል። እኔ 31 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሦስተኛ እፈልጋለሁ። ግን ከአሁኑ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። እሷን ሳይ ፈራሁ። መውለድ ላቁም?»

መጀመሪያ ያንቺን ልመልስ፣ አጭር ስለሆነ። አታቁሚ። ልጅ የመውለድ ውሳኔ ውስጥ ብዙ ነገር ይገባል፤ ኑሮው አለ፣ ጤናው አለ፣ ባልሽ አለ፣ የራስሽ ፍላጎት አለ። ጉልበት ግን ከእነዚህ እኩል የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት ግን «ብዙ ስለወለድሽ ነው» የሚለውን አባባል ፈታ አድርገን ማየት አለብን፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ደግሞ እናትሽን ያለ ሕክምና ያስቀመጠ ነገር ነው።

ሐኪሙ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። አንዲት ሴት ተጨማሪ ልጅ በወለደች ቁጥር፣ ኦስቲዮአርትራይተስ በሚባለው የመገጣጠሚያ መበላት በሽታ ምክንያት ጉልበቷን በሰው ሠራሽ የማስቀየር ዕድሏ ወደ 8 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዳሌ ላይ ግን ጭማሪው 2 በመቶ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናትም አምስትና ከዚያ በላይ በወለዱ ሴቶች ላይ ጎላ ያለ ልዩነት አይቷል። ስለዚህ ግንኙነት አለ። ይህን የምትክጂበት ምክንያት የለም።

ግን 8 በመቶ ሲባል «ከመቶ ሴት ስምንቷ» ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ሴቶች አስሩ ለዚህ ይደርሳሉ ብንል፣ አንድ ልጅ ሲጨመር አሥራ ስምንት አይሆኑም፤ አስር ከምናምን ነው የሚሆኑት። በዚያ ላይ ጥናቱ የቆጠረው ቀዶ ሕክምና የደረሱትን ነው። ጉልበቱ እያመመው ቀዶ ሕክምና ያላገኘ ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። የእኛ አገር እናቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። እነዚያው እንግሊዛውያን ሴቶች ላይ ክብደት ሲታይ ደግሞ ልዩነቱ በመቶኛ አይደለም የሚቆጠረው፣ በእጥፍ ነው። በጣም የወፈሩት ከቀጫጮቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጉልበት የማስቀየር ዕድላቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የትኛው ላይ ጊዜያችንን እናጥፋ?

እርግዝና ራሱ ጉልበት አይበላም። ጉልበት የሚጎዳው እርግዝና ጥሎት በሚሄደው ነገር ነው። አንዱ ክብደት ነው። በእርግዝና ወቅት መካከለኛ ክብደት ላላት ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር ጤነኛ ነው። ችግሩ ከወሊድ በኋላ የማይወርደው ነው። የእኛን የአራስ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ «ብዪ እንጂ ወተት እንዲመጣ»፣ ከአልጋ መነሳት ክልክል። እናቶቻችንን በዚህ አልወቅሳቸውም፣ የወለደች ሴት መታረስ አለባት፣ ደግሞም ማንም ሰው አራስ ቤት ገብቶ ሚዛን ላይ ውጪ አይልም። ግን በየወሊዱ 3 ኪሎ ሳይወርድ ቢቀር ሰባት ጊዜ 21 ኪሎ ነው። በሰውነት ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይሆናል። 21 ኪሎው በየእርምጃው 84 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። አስቢው፣ ቀኑን ሙሉ፣ ከገበያ እስከ ቤት።

ሌላው እግር ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በተለይ በመጀመሪያው እርግዝና የውስጥ እግር ቅስት ዝቅ ይላል፣ እግሩ ሊረዝምም ይችላል፣ እስከ 10 ሚሊሜትር ድረስ። «ከወለድኩ በኋላ ጫማዬ እምቢ አለኝ» የሚሉ ሴቶች አያጋንኑም። ይህ ለውጥ ብዙዎቹ ላይ ተመልሶ አይስተካከልም። የውስጥ እግሩ ቅስት ሲዘረጋ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ጭነቱን የሚቀበልበት ቦታ ትንሽ ይቀየራል። በእርግዝና የሚመነጩ ሆርሞኖች ጅማቶችን ማላላታቸውም አለ፣ እሱ ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በአብዛኛው ይመለሳል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ጡንቻ ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን የፊት ጡንቻና የመቀመጫ ጡንቻ ነው። በእርግዝናው መጨረሻና በአራስነት ወራት ይሟሽሻል። ሳያገግም ሌላ እርግዝና ይመጣል። በመካከሉ ደግሞ እረፍት የለም፤ አንዱን ልጅ አዝሎ ሌላውን ታቅፎ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ መጋገር፣ ሳፋ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማጠብ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት። ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክና ከባድ ነገር ማንሳት ለዓመታት ሲደጋገሙ ጉልበትን እንደሚጎዱ ከእርግዝና ጋር ምንም በማይገናኙ ሠራተኞች ላይም ታይቷል። ከዚያ ማረጥ ይመጣል፣ ዘርም አለበት። እንግዲህ 54 ዓመት ላይ ያመመን ጉልበት አንድ ነገር ላይ ብቻ መለጠፍ ለሐኪሙ ይቀለዋል እንጂ ለእናትሽ ምንም አያደርግላቸውም፤ የወለዱትን መመለስ አይችሉም፣ ክብደቱና ጡንቻው ግን ዛሬም ይቀየራል።

እዚህ ላይ ከሰፈር ወሬም መጥረግ ያለብን ነገር አለ። «ልጆቹ አጥንቷን መጠጧት» ይባላል። ጡት በማጥባት ወቅት አጥንት ከያዘው ካልሲየም በመጠኑ እንደሚቀንስ እውነት ነው፣ ግን ጡት ሲጣል ይመለሳል። ደግሞም እሱ የአጥንት መሳሳት ነው፣ ሌላ በሽታ። የእናትሽ ችግር አጥንቶቹ ጫፍ ላይ የተለበጠው ልም አጥንት መሳሳቱና አካባቢው መቆጣቱ ነው፤ ኦስቲዮአርትራይተስ ያልኩሽ ይሄ ነው። የካልሲየም ኪኒን ልም አጥንትን አያድስም። «ግሪሱ አልቋል» የሚለውም ስህተት ነው፤ በዚህ በሽታ ውሃው አያልቅም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበዛና ጉልበቱ ያብጣል። «አራስ ሆና ብርድ ገብቷት ነው» የሚለውን ደግሞ ለሐረር ልተወው እችላለሁ፣ ድሬ ላይ ግን ብርዱ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሙቀት ጡንቻ ስለሚያፍታታ ኤረር ፍል ውሃ ደርሰው የመጡ ሰዎች ቀለለን ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን ለጥቂት ቀን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። የጻፍሽልኝ ነገር በሽታውን በደንብ ይናገራል። ከ45 ዓመት በላይ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚብስ ህመም፣ ከ30 ደቂቃ ያነሰ የጠዋት ድርቀት። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ራጅ እንኳ የግድ አይደለም፣ ኤምአርአይማ ጭራሽ ገንዘብ ማባከን ነው። «ክፍተቱ ጠቧል» በሚለው ቃልም አትደንግጪ። ራጃቸው የከፋ ሆኖ የሚራመዱ አሉ፣ ራጃቸው ደህና ሆኖ የሚያነክሱ አሉ። የሚታከመው ሰውየው ነው፣ ፊልሙ አይደለም።

ቢሆንም ጥቂት ነገር ጠይቂያቸው። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውን ቺኩንጉንያ የተባለ የትኩሳት በሽታ ታስታውሺዋለሽ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የታመመው። የዚያ በሽታ የመገጣጠሚያ ህመም አንዳንዱ ላይ ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል። እናትሽ ያኔ አንቺ ጋ ነበሩ? ህመሙ የጀመረው ትኩሳት ተከትሎ ነው? የእጅ ጣቶቻቸውና ቁርጭምጭሚታቸውስ አብሮ ያማል? ያልተፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት ይጠጣሉ? እሱም ብሩሴሎሲስ የሚባል መገጣጠሚያ የሚያሳምም በሽታ ያመጣል። የጠዋቱ ድርቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ፣ ሌሊት እረፍት የሚነሳ ህመም ካለ፣ ሳይፈልጉ ከከሱ፣ እኔ የምጽፈው አይሠራም፣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። አንድ ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ፣ በተለይ መርፌ ከተወጉ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ማደር የለም።

ቁጣዬን ያመጣው ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ህመሙን ድራሹን ያጠፋል፣ አዎ። ለዚህም ነው ከሰው ሰው የሚዛመተው፤ ዴክሳሜታዞንም እንደዚሁ። ግን ስቴሮይድ ነው። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ግፊት ያወጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የጭን ጡንቻንም ያደክማል። ጉልበታቸውን ሊያድን የሚችለውን ነገር ሁሉ በጀርባ በር እየወሰደ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ከሦስት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲወስዱት ከነበረ በአንድ ጊዜ እንዳታስጥያቸው። ሰውነት በተፈጥሮ የሚያመነጨውን የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም ድንገት ሲቋረጥ ራስን ሊያስት፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። ኪኒኑን ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ እሱ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ስኳራቸውንም በዚያው ይለካ።

በየሦስት ወሩ የሚባለው መርፌም ስቴሮይድ ነው። አንድ ጊዜ፣ በጣም ሲያብጥና ሲያሰቃይ፣ ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ብሎ መወጋት ተገቢ ነው፤ እሱን አልቃወምም። በቀጠሮ መደጋገሙን ግን አልስማማበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልክ ይህንኑ ነው የፈተነው። በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉትን የጨው ውሃ ከተወጉት ጋር አነጻጸረ። በህመም ልዩነት አልነበራቸውም። ልም አጥንታቸው ግን ስቴሮይድ የተወጉት የበለጠ ሳስቶ ተገኘ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ተዉት።

ለህመም ምን ይውሰዱ? የዳይክሎፌናክ ቅባት። ሁለቱም ጉልበት ላይ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቀቡት፣ ጥቂት ሳምንት ሳይሞክሩ አይሠራም አይበሉ። በቆዳ ስለሚገባ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ነው። የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን እናትሽ ግፊት ስላለባቸው ከሐኪም ምክር ውጪ አይሁን፤ ግፊት ያወጣል፣ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨጓራም ያደማል። በተለይ ከሰዓት ጫት የሚቅሙ ከሆነ፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ኪኒኑ በባዶ ሆድ ይዋጣል፣ ግፊቱም ላይ ሌላ ግፊት ነው። ፓራሲታሞል ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ጥቅሙም ትንሽ ነው። ግሉኮሳሚን የሚባለውን ውድ ዕቃ አትግዢ። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ሶል ያለው ጫማ ግዢላቸው።

ሕክምናው ግን እነዚህ አይደሉም። ሕክምናው እንቅስቃሴ ነው። ይህን ስል ሰው ፊቱ ይጠቁራል፣ «እያመማት እንዴት ትንቀሳቀስ፣ የተበላው አይብስም ወይ» ይለኛል። አይብስም። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ እንደ ስፖንጅ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው ምግቡን ከመገጣጠሚያው ውሃ የሚመጠው። ያረፈ ጉልበት የተራበ ጉልበት ነው። ጡንቻው ሲጠነክር ደግሞ ጭነቱን ከመገጣጠሚያው ላይ ይቀንሳል።

እንዲህ ያድርጉ። ግድግዳ ላይ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር፣ ከጉልበታቸው ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ እላዩ ላይ ትራስ ማድረግም ይቻላል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቀስ ብለው ይነሱ፣ ከተነሱበት በበለጠ ቀስ ብለው ይቀመጡ። መጀመሪያ በእጅ መደገፍ ይቻላል። ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ትንሽ አርፈው እንደገና፣ ከተቻለ ሦስት ዙር። ሲለመድ ትራሱ ይነሳል። ከዚያ ፍራሽ ላይ ተጋድመው አንዱን ጉልበት አጥፈው ሌላውን እግር ቀጥ አድርገው አንድ ስንዝር ያንሱ፣ አምስት እስኪቆጠር ያቆዩት፣ ያውርዱ። በጎን ተኝተው የላይኛውን እግር ማንሳትም ለመቀመጫ ጡንቻ ነው። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ይዘው በእግር ጣት መቆም። ይሄው ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ማሽንም ጂምም አያስፈልግም። ሲሠሩ መጠነኛ ህመም ቢኖር አይፍሩ። በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ናቸው፣ በማግስቱም ከባሰ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ልዩነቱ ከስድስት ሳምንት በፊት ላይታይ ይችላል፤ ሦስት ወር ስጡት። ብዙ ሰው የሚያቆመው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ከዚያም «ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልሆነልኝም» ይላል። አንድ ሁለት ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት አጠገባቸው ሆኖ ቢያያቸው ጥሩ ነው። ወጌሻ ጋ ወስዶ ጉልበት ማሸትና ማስጎተት ግን ይቅርባችሁ።

መራመድም ያስፈልጋል። የጀጎል መንገድ ለዚህ አይመችም፤ ቁልቁለቱና ድንጋዩ ጤነኛ ጉልበትም ያስጨንቃል። ከግንቡ ውጪ ሜዳ መንገድ ይፈለግ። አንቺ ጋ ሲመጡ ከዚራን የመሰለ የለም፤ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላ አለው። ሙቀቱ ሳይመጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በአስር ደቂቃ ይጀምሩ። ከዘራ ከያዙ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ እጅ ይያዙት፤ የቀኙ የሚብስ ከሆነ በግራ እጅ። ሰው ሁሉ ተሳስቶ በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው።

ክብደቱን በተመለከተ ግቡ 60 ኪሎ መግባት አይደለም። ከ86 ኪሎ አስር በመቶው ስምንት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፣ በአንድ ዓመት ቢወርድ በቂ ነው። ይህን ያህል ቀንሰው እንቅስቃሴ የጨመሩ ሰዎች ህመማቸው በግማሽ ያህል መቀነሱ በጥናት ታይቷል። የትኛውም ኪኒን ይህን አይሰጥም። እንጀራ ከልክላችሁ አታስርቧቸው። ስኳሩን ፈልጉ። ሻዩ ስንት ማንኪያ ስኳር አለው? በርጫው ላይ ለስላሳው ስንት ጠርሙስ ነው? ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭና ፈጢራው በሳምንት ስንት ቀን ነው? ዘይቱስ? እኛ አገር ክብደት የሚቀመጠው እዚህ ነው፣ ሽሮ ላይ አይደለም።

ቤቱንም ትንሽ ቀይሩት። ዱካው ይነሳ፣ ከፍ ያለ ወንበር ይግባ፤ ምጣዱም ከተቻለ ቆመው የሚጋግሩበት ከፍታ ላይ ይሁን። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ላይ መሀሉ ክፍት የሆነ ወንበር አናጺ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ወጪው ብዙ አይደለም። ለሰዓታት እግር አጥፎ ወለል ላይ መቀመጥ ይቅር፤ በርጫውም ላይ ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው እግራቸውን ይዘርጉ። ሰላትን በተመለከተ፣ የታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ሸሆቹን ብትጠይቂ ይነግሩሻል። እናቶች ግን «አልሰግድም ማለት ነው?» ብለው ስለሚከፋቸው ይህን ከእኔ ሳይሆን ከሃይማኖት አባት አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ስግደት ለሚበዛባቸው ኦርቶዶክስ እናቶችም ምክሬ ይኸው ነው፣ የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ።

ቀዶ ሕክምና? ዛሬ አይደለም። ስድስት ወር በትክክል ከሠሩ፣ ክብደቱም ከቀነሰ በኋላ ሌሊት የሚያስነሳ ወይም ከቤት የሚያስቀር ህመም አሁንም ካልለቀቃቸው፣ ያኔ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋር ይነጋገሩ። ሰው ሠራሽ ጉልበት ጥሩ ሕክምና ነው፤ ከተገጠሙት ከመቶ ሰማንያ ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ወጪው ግን ከባድ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተጣጥፎ መቀመጥም አይመልስም። ዛሬ የሚሠሩት የጭን እንቅስቃሴ ለዚያም ቀን ስንቅ ነው፤ ጠንካራ ጡንቻ ይዞ የገባ ቶሎ ይነሳል።

አንቺ ደግሞ፤ ህመምና እብጠት የሌለው መንቋቋት ምንም አይደለም። ግን 31 ዓመትሽ ነው፣ ሁለት ወልደሻል፣ መሥራት ያለብሽ አሁን ነው። አሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በተደረገ ጥናት አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች በቀጣዮቹ ዓመታት የሚያም የጉልበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እርግዝናሽ በፊት ስንት ኪሎ ነበርሽ? ልዩነቱን ሦስተኛውን ከማርገዝሽ በፊት አውርጂው። ሁለተኛው ልጅ ከተወለደ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አታርግዢ፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅትም ምክር ነው፣ ለሌላ ምክንያት ቢሆንም ለጭንሽም ጊዜ ይሰጠዋል። ለእናትሽ የጻፍኩትን የወንበር እንቅስቃሴ አብረሻቸው ሥሪ፤ ስታረግዢም ሐኪምሽ ካልከለከለሽ አታቁሚው። በእርግዝና ጉልበትሽ ቢያምሽ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንኪ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሕፃኑን ኩላሊት ይጎዳሉ። ስትወልጂም ገንፎውን ብዪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን በሰላም ከወለድሽ ከአልጋ ተነስተሽ ቤት ውስጥ መራመድ የሚጀመረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ አርባው ሲወጣ አይደለም። ጫማሽንም እንደገና ተለኪ።